አንድ ጥያቄ ለሁለት ዓመት፦ ማስተርስ በሥነ ምድር ሳይንስ

በሥነ ምድር ሳይንስ የሚሰጠው ሁለተኛ ዲግሪ፣ በብዙዎች አንደበት ማስተርስ የሚባለው፣ የመጀመሪያው ዲግሪ ተከታይ የሆነ ተጨማሪ የክፍል ትምህርት ብቻ ተደርጎ ሲታሰብ ይታያል። እርግጥ ነው፣ በመጀመሪያው ዓመት ገለጻ የሚደመጥባቸውና ፈተና የሚወሰድባቸው ኮርሶች አሉ፤ የትምህርቱ ዋና አካል ግን እነሱ አይደሉም። የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ ዐለት እንዴት እንደሚለይ፣ የንብርብር ዐለት ዝንባሌ በኮምፓስ እንዴት እንደሚለካ፣ ሌሎች የሠሩት ካርታ እንዴት እንደሚነበብ ይማራል፤ የማስተርስ ተማሪ ግን መልሱ ገና ያልታወቀ አንድ ጥያቄ መርጦ፣ በተሰጠው ጊዜና ገንዘብ ሊመለስ በሚችል መጠን አጥብቦ፣ ማስረጃውን ከመሬት ላይ ራሱ ሰብስቦ፣ በመጨረሻም በፈታኞች ፊት ቆሞ እንዲከራከርለት ይጠበቃል። በዚህ ዝግጅት የሚብራራውም በተለይ ይህ ጥያቄን የመምረጥና የማጥበብ ሥራ ነው፤ ምክንያቱም አብዛኛው ተማሪ የሚቸገረው በኮርሶቹ ክብደት ሳይሆን እዚህ ላይ ነው።

ሥነ ምድር ሳይንስ የሚለው ስያሜ በሥሩ በርካታ ዘርፎችን ያቅፋል። ጂኦሎጂ የዐለቶችን አፈጣጠር፣ ዕድሜና አቀማመጥ ሲያጠና፣ ጂኦፊዚክስ ዓይን የማይደርስበትን የምድር ውስጥ ክፍል በመንቀጥቀጥ ሞገድ፣ በስበት፣ በመግነጢስና በኤሌክትሪክ ልኬት ይመረምራል። ሃይድሮጂኦሎጂ ውሃ ከመሬት በታች በምን ዐለት ውስጥ እንደሚጠራቀም፣ ከየት እንደሚሞላና ወዴት እንደሚፈስ የሚያጠና ዘርፍ ነው። ኢንጂነሪንግ ጂኦሎጂ ደግሞ ግድብ፣ መንገድ ወይም ሕንፃ የሚያርፍበት መሬት ሸክሙን ይችል እንደሆነ ይጠይቃል። ማዕድን ፍለጋ፣ ከምድር ውስጥ ሙቀት የሚገኝ የእንፋሎት ኃይል፣ የቅሪተ አካል ጥናት፣ ከሳተላይት በሚገኝ ምስል መሬትን የማጥናት ሙያ፣ ሌሎችም አሉ። የዘርፎቹ ወሰን በትምህርት ክፍሎች መዝገብ ላይ የጠራ ቢመስልም መሬት ላይ እምብዛም አይታይም፤ ስለ አንድ ፍል ውሃ የሚያጠና ተማሪ የዐለቱን ዓይነት፣ የስንጥቁን አቅጣጫና የውሃውን ኬሚስትሪ ባንድነት ካላወቀ አንዱንም በቅጡ አያውቅም።

ኢትዮጵያ ለዚህ ሙያ ተማሪዎች የሰጠችው መሬት በሌላ አገር በቀላሉ የማይገኝ ነው። ከ30 ሚሊዮን ዓመታት ገደማ በፊት በስንጥቆች የወጣው ቅልጥ ዐለት ተደራርቦ ቀዝቅዞ በአንዳንድ ስፍራ እስከ 2 ኪሎ ሜትር ውፍረት ያለውን የባዛልት አምባ ፈጠረ፤ ከዚያም መሬቱ ተሰነጠቀ። ዛሬ በአፋር ምድር ሦስት ስምጦች፣ ማለትም የቀይ ባሕር፣ የኤደን ባሕረ ሰላጤና የምሥራቅ አፍሪካ ስምጥ፣ ይገናኛሉ። የዓረቢያ መሬት ከአፍሪካ በዓመት ወደ 2 ሴንቲ ሜትር፣ በዋናው የኢትዮጵያ ስምጥ ደግሞ የምሥራቁ ክፍል ከምዕራቡ በዓመት 5 ወይም 6 ሚሊ ሜትር ገደማ ይራራቃሉ። በሌላው ዓለም ይህ የመሬት መራራቅ የሚካሄደው በአብዛኛው በውቅያኖስ ወለል ላይ፣ በብዙ ሺህ ሜትር ውሃ ሥር ነው፤ በአፋር ግን ተመራማሪው በእግሩ ሄዶ ስንጥቁን በሜትር ይለካዋል።

የዚህ ጥቅም በመስከረም 1998 ዓ.ም. በግልጽ ታይቷል። በሰሜን አፋር በዳባሁ እሳተ ገሞራ አካባቢ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ 60 ኪሎ ሜትር ርዝመት ባለው ስንጥቅ ውስጥ ቅልጥ ዐለት ከሥር ገብቶ መሬቱን በአንዳንድ ስፍራ እስከ 8 ሜትር አራራቀው። ወደ ላይ የወጣው ጥቂት አመድ ብቻ ስለ ነበር፣ ከውጭ ለተመለከተው ሰው ከመንቀጥቀጡና ከአዳዲስ ስንጥቆቹ በስተቀር ብዙ የሚታይ ነገር አልነበረም። የሆነውን በሙሉ መጠኑ ያሳየው የራዳር ሳተላይት ነው፦ ሳተላይቱ አንድን ስፍራ በተለያየ ጊዜ ሁለት ጊዜ ቃኝቶ፣ የተመለሰው ሞገድ በሁለቱ ቅኝቶች መካከል ያሳየው የሞገድ ልዩነት ሲሰላ፣ መሬቱ ስንት ሴንቲ ሜትር ከፍ ወይም ዝቅ እንዳለ ይታወቃል። ከዚያ በኋላ እስከ 2002 ዓ.ም. ድረስ በዚያው ስምጥ ከደርዘን በላይ አነስተኛ የቅልጥ ዐለት ሰርጎ መግባቶች ተከታትለዋል። ከ2017 ዓ.ም. መግቢያ ጀምሮ በፈንታሌና በዶፈን እሳተ ገሞራዎች መካከል የተከሰተው፣ አዲስ አበባ ድረስ የተሰማው፣ በብዙ አሥር ሺህ የሚቆጠሩ ነዋሪዎችንም ከቤታቸው ያስነሣው የመንቀጥቀጥ ማዕበል የተተነተነው በዚሁ ዘዴ ነው። የራዳር ምስሎቹ ዛሬ በአብዛኛው በነፃ ስለሚገኙ፣ ጥሩ ኮምፒዩተርና በቂ ኢንተርኔት ያለው ተማሪ ለመስክ ወጪ ገንዘብ ባያገኝም በዚህ ዘርፍ የሚረባ መመረቂያ ጽሑፍ ሊሠራ ይችላል። ሆኖም መሬቱን ጨርሶ ሳይረግጡ ስለ መሬት መጻፍ አደጋ አለው፤ ምስሉ ላይ ዝቅ ያለ የሚመስለው ማሳ ምናልባት የታረሰ ወይም በመስኖ የረጠበ እንጂ የሰመጠ ላይሆን ይችላል።

ጥያቄ ማጥበብ ምን ማለት እንደሆነ በአንድ ጉዳይ ላይ ጠለቅ ብሎ ማየት ይሻላል፤ ለዚህም በስምጥ ሸለቆ የጉድጓድ ውሃ ውስጥ ያለው ፍሎራይድ የተመቸ ምሳሌ ነው። ፍሎራይድ በትንሽ መጠን ለጥርስ የሚጠቅም፣ ሲበዛ ግን ጥርስን የሚያበልዝ፣ ከዚያም ሲያልፍ አጥንትን የሚያደርቅና መገጣጠሚያን የሚያስር ንጥረ ነገር ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ያስቀመጠው ጣሪያ በሊትር 1.5 ሚሊ ግራም ሲሆን፣ በስምጥ ሸለቆ ያሉ ብዙ ጉድጓዶች ከዚህ በላይ ይይዛሉ፤ በወንጂ ስኳር ፋብሪካ አካባቢ በነበሩ ነዋሪዎች ላይ የታየው የአጥንት ጉዳትም ለረጅም ጊዜ ተጠንቷል። የችግሩ መነሻ ዐለቱ ነው። በስምጡ ወለል የተከመረው የእሳተ ገሞራ አመድና ብርጭቆ መሰል ዐለት ፍሎራይድ ይይዛል፤ ውሃው በዚህ ውስጥ ቀስ እያለ ሲያልፍ በሶዲየምና በባይካርቦኔት ይከብዳል፣ ካልሲየሙ ግን ይቀንስበታል። በቂ ካልሲየም ቢኖር ኖሮ ከፍሎራይድ ጋር ተጣምሮ ፍሎራይት የተባለ ማዕድን ሆኖ ይረጋ ነበር፤ ካልሲየሙ ስለሚያንስ ፍሎራይዱ በውሃው ውስጥ እንደሟሟ ይቀራል። ይህ ሁሉ ከታወቀ ቆይቷል። እንግዲህ «የስምጥ ሸለቆ የፍሎራይድ ችግር» የሚል ርእስ ይዞ የሚመጣ ተማሪ ጥያቄ ይዞ አልመጣም፤ ይዞ የመጣው የመጽሐፍ ምዕራፍ ነው። ጥያቄ የሚሆነው፣ በአንድ ወረዳ ውስጥ በሁለት ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ ያሉ ሁለት ጉድጓዶች አንዱ ንጹሕ ሌላው የተበከለ የሆነው ስለ ምንድን ነው? ልዩነቱ በጥልቀት ነው፣ በዐለት ዓይነት ነው ወይስ በመካከላቸው በሚያልፍ ስንጥቅ ነው? ብሎ ሲነሣ ነው። ለዚህ መልስ የሚያገኝ ተማሪ ለወረዳው የውሃ ጽሕፈት ቤት ቀጣዩ ጉድጓድ የት ይቆፈር ለሚለው ጉዳይ የሚበጅ ነገር ሰጠ ማለት ነው።

ጥያቄው ከተያዘ በኋላ የሚመጣው የናሙና ሥራ በሬዲዮ ሲነገር ቀላል ይመስላል። ተማሪው ጉድጓዱ ላይ ደርሶ ፓምፑ በቧንቧው ውስጥ የቆመውን ውሃ አውጥቶ እስኪጨርስ ይጠብቃል፤ የሚፈልገው ከዐለቱ የሚመጣውን እንጂ ያደረውን ውሃ አይደለምና። የውሃውን ሙቀት፣ የአሲድነት መጠንና ኤሌክትሪክ የማስተላለፍ ችሎታ እዚያው ጉድጓዱ አጠገብ ይለካል፤ ምክንያቱም ውሃው ከመሬት ወጥቶ ውስጡ ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ወደ አየር ሲበን አሲድነቱ ስለሚለወጥ፣ ላቦራቶሪ ደርሶ የሚለካው ቁጥር ሌላ ቁጥር ነው። ከዚያም ውሃውን ቀዳዳው 0.45 ማይክሮ ሜትር በሆነ ማጣሪያ አጥልሎ በሁለት ጠርሙስ ይቀዳል፦ አንደኛው ጠርሙስ ለብረት ነክ ንጥረ ነገሮች ሲሆን በጠርሙሱ ግድግዳ ላይ እንዳይጣበቁ ጥቂት ናይትሪክ አሲድ ይጨመርበታል፤ ፍሎራይድ፣ ክሎራይድና ሌሎቹ የሚለኩበት ሁለተኛው ጠርሙስ ግን አሲድ አይነካውም። ጠርሙሶቹ ላይ ቀን፣ ሰዓት፣ የጉድጓዱ ስምና በጂፒኤስ የተወሰደው ቦታ ይጻፋል። የላቦራቶሪው ውጤት ሲመጣም ገና አይታመንም፤ በውሃው ውስጥ ያሉት አዎንታዊና አሉታዊ ሙል ንጥረ ነገሮች ሲደመሩ እኩል መሆን ስላለባቸው፣ ልዩነቱ ከ5 በመቶ በላይ ከሆነ አንድ ቦታ ስሕተት አለ፤ ናሙናውም ይደገማል ወይም ይጣላል። ለመመረቂያ ጽሑፉ ክብደት የሚሰጠው ከአማረው ካርታ ይልቅ ይህ ማጣሪያ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

እዚህ ላይ ከአየር ንብረቱ ጋር የሚጋጭ አንድ የአሠራር ችግር ይመጣል። የከርሰ ምድር ውሃ ከክረምት በፊትና በኋላ ስለሚለያይ፣ ቢያንስ አንድ ጊዜ በግንቦት፣ አንድ ጊዜ ደግሞ በጥቅምት ወይም በኅዳር ናሙና መውሰድ ያስፈልጋል። የትምህርቱ መርሐ ግብር ግን ብዙ ጊዜ የመጀመሪያውን ዓመት ለኮርስ፣ ሁለተኛውን ለምርምር ይመድባል፤ ተማሪው የምርምር ዕቅዱን፣ ማለትም ፕሮፖዛሉን፣ በሁለተኛው ዓመት መግቢያ ላይ ካቀረበ የግንቦቱ ናሙና አልፎታል። ቀጣዩን ግንቦት ቢጠብቅ የመመረቂያው ጊዜ ይደርሳል። ስለዚህ በዚህ ዘርፍ ብልህ የሚባለው ተማሪ በመጀመሪያው ዓመት ማለቂያ ላይ፣ ፕሮፖዛሉ ገና ሳይጸድቅ፣ የመጀመሪያዎቹን ናሙናዎች ወስዶ የሚያስቀምጥ ነው። የጂኦሎጂ ካርታ የሚሠራው ደግሞ ዐለቱ በሣርና በሰብል ሳይሸፈን፣ ወንዙም ሳይሞላ ከኅዳር እስከ የካቲት ባለው ጊዜ መስክ መውጣት ይኖርበታል። ትምህርት ክፍሎች ይህን እያወቁ ለሁሉም ዘርፍ አንድ ዓይነት የጊዜ ሰሌዳ ማውጣታቸው ለመረዳት ያስቸግራል።

ጥያቄው ከአቅም በላይ የሰፋ ሲሆን ምን እንደሚከሰት ለማየት በመተሐራ አጠገብ ያለው የበሰቃ ሐይቅ ይበቃል። ሐይቁ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ከ3 ካሬ ኪሎ ሜትር ብዙ የማይበልጥ ነበር፤ ዛሬ ከ40 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ሸፍኗል፤ አውራ ጎዳናውንና የባቡር ሐዲዱንም ተጋፍቷል፤ ውሃውም ጨዋማና አልካላይን ስለሆነ ወደ አዋሽ ወንዝ ቢገባ በታችኛው ተፋሰስ ያለውን እርሻ ያሰጋል። ለመስፋፋቱ የተሰጡት ምክንያቶች ከመስኖ የሚተርፈው ውሃ ወደ ሐይቁ መስረጉ፣ ሐይቁን የሚመግቡት ፍል ውሃዎች መጨመራቸውና የስምጡ መሬት እንቅስቃሴ ናቸው። የትኛው ምን ያህል ድርሻ አለው የሚለው ለአንድ የማስተርስ ተማሪ የማይቻል ጥያቄ ነው፤ ረጅም የውሃ መጠን መዝገብ፣ በርካታ የመመልከቻ ጉድጓድና የዓመታት ክትትል ይፈልጋል። ነገር ግን ከሐይቁ ዳር ባሉ ምንጮች ውስጥ ያለው ውሃ ከወንዝ የመጣ የመስኖ ውሃ ነው ወይስ ከጥልቅ የመጣ? ብሎ የኦክስጅንና የሃይድሮጅን አይሶቶፖችን መለካት ይቻላል። አይሶቶፖች በክብደት የሚለያዩ የአንድ ንጥረ ነገር ዓይነቶች ናቸው፤ ውሃ ሲተን ቀላሉ ቀድሞ ስለሚሄድ፣ በቀረው ውሃ ውስጥ የከባዱ ድርሻ የውሃውን ታሪክ ይናገራል። ትልቁ ጥያቄ እንዲህ ባሉ ትንንሽ መልሶች ተጠራቅሞ ካልሆነ በአንድ ሰው ጽሑፍ አይፈታም።

ከውሃው ዘርፍ ውጭ፣ በኢንጂነሪንግ ጂኦሎጂ ያለውም ፍላጎት ግልጽ ነው። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. አጋማሽ በጎፋ ዞን ከከባድ ዝናብ በኋላ የተከሰተው የመሬት መንሸራተት ከ200 በላይ ሰዎችን የገደለ ሲሆን፣ ከሟቾቹ ብዙዎቹ ቀድሞ የተቀበሩትን ለማውጣት የተሰበሰቡ ነበሩ። በዚህ ረገድ የሚሠሩት መመረቂያ ጽሑፎች ብዙ ጊዜ የተዳፋትን ቁልቁለት፣ የአፈሩን ዓይነት፣ የዝናቡን መጠንና የመሬት አጠቃቀሙን በጂአይኤስ፣ ማለትም በኮምፒዩተር የካርታ መተንተኛ ሥርዓት፣ ደራርበው የስጋት ካርታ ያወጣሉ፤ ካርታው ግን በአካባቢው ቀድሞ የደረሱ መንሸራተቶች ተቆጥረው ካልተመዘገቡ የሚመሳከርበት ነገር የለውም። ቆጠራው አድካሚ ነው፤ ዋጋ ያለውም እሱ ነው።

የእንፋሎት ኃይል ሌላው ዘርፍ ነው። በስምጥ ሸለቆ ባለው በአሉቶ ተራራ ላይ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ በተቆፈሩ ጉድጓዶች ውስጥ ከ300 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ሙቀት ተለክቷል፤ በዚያው ከ7 ሜጋ ዋት ብዙም የማይበልጥ የሙከራ ጣቢያ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ ቆሟል። በዚህ ሙያ የሚሠሩ ብዙ ኢትዮጵያውያን በአይስላንድ እ.ኤ.አ. ከ1979 ጀምሮ በሚሰጠው የስድስት ወር ሥልጠና ያለፉ ሲሆን፣ ከሠልጣኞቹ ጥቂቶቹ በዚያው ለማስተርስ ይቀጥላሉ።

ትምህርቱ በአገር ውስጥ የሚሰጥበት አንጋፋው ተቋም አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ነው። የጂኦፊዚክስ ምልከታ ጣቢያው የተቋቋመው እ.ኤ.አ. ከ1957 እስከ 1958 በተካሄደው ዓለም አቀፍ የጂኦፊዚክስ ዓመት ምክንያት ሲሆን፣ ካናዳዊው ኢየሱሳዊ ካህን ፒየር ጉዌን ጣቢያውን ለረጅም ዓመታት መርተው በኢትዮጵያና በአፍሪካ ቀንድ የደረሱትን የመሬት መንቀጥቀጦች የመዘገቡበትን መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ1979 አሳትመዋል። በ1953 ዓ.ም. በካራቆሬና በማጀቴ የደረሰውን ጉዳት ጨምሮ እርሳቸው ከጽሑፍና ከዓይን ምስክር ያሰባሰቡት መዝገብ ዛሬም የሕንፃ ሥጋት ስሌት ለሚሠራ ተማሪ መነሻ ነው። ከአዲስ አበባ ሌላ በመቀሌ፣ በባሕር ዳር፣ በአዳማና በአርባ ምንጭ ያሉ ዩኒቨርሲቲዎች በየዘርፋቸው ያስተምራሉ። አመልካቹ ለድኅረ ምረቃ የተዘጋጀውን ብሔራዊ የመግቢያ ፈተና ማለፍ ይኖርበታል።

በውጭ አገር ያለው ሥርዓት ከቦታ ቦታ ይለያያል። በብሪታንያ አብዛኛው ማስተርስ በአንድ ዓመት ስለሚያልቅ የመስክ ጊዜው ጠባብ ነው፤ በአሜሪካ ብዙ ጊዜ ሁለት ዓመት ሲወስድ፣ ተማሪው በረዳት መምህርነት ወይም በረዳት ተመራማሪነት ተቀጥሮ ክፍያው የሚሸፈንለትም ጊዜ አለ፤ ስለዚህ ማመልከቻ ከመላክ አስቀድሞ ለሚፈለገው መምህር መጻፍ የተለመደ ነው። ደብዳቤው አጭር ሆኖ፣ መምህሩ ያሳተሙትን አንድ ጽሑፍ በእርግጥ ያነበበ ሰው የሚጠይቀውን ጥያቄ ቢይዝ ከብዙ ምስጋና ይሻላል። በኔዘርላንድ ኤንስኬዴ ያለው አይቲሲ የተባለው ተቋም በካርታና በሳተላይት ምስል ትምህርት፣ በዴልፍት ያለው አይኤችኢ ደግሞ በውሃ ዘርፍ ኢትዮጵያውያንን ከረጅም ጊዜ ጀምሮ ያስተምራሉ። በእነዚህ ስፍራዎች የሚማር ኢትዮጵያዊ ብዙ ጊዜ የአገሩን መሬት ያጠናል፤ ጥቅሙ የላቦራቶሪው ብቃት ነው፣ ጉዳቱ ደግሞ የመስክ ጉዞው ባንድ ወር መወሰኑና ናሙና ከአገር ለማውጣት የሚያስፈልገው ፈቃድ ጊዜ መውሰዱ ነው። የፈቃዱን ጉዳይ ከበረራው ትኬት በፊት ያልጀመረ ተማሪ ዐለቱን ትቶ ማስታወሻ ደብተሩን ብቻ ይዞ የሚመለስበት ዕድል ሰፊ ነው።

በየትም ይማር፣ አማካሪ የሚባለው መምህር ምርጫ ከተቋሙ ስም ይበልጣል። አማካሪው በዘርፉ የሚሠራ፣ መስክ የሚወጣ፣ ረቂቅ ሲላክለትም አንብቦ የሚመልስ መሆኑን ከቀደሙት ተማሪዎቹ መጠየቅ ነውር የለውም። ከዚህ ጋር ተማሪው ሊያሟላው የሚገባው የሒሳብና የኮምፒዩተር ዝግጅት አለ፤ በመዶሻና በማጉያ መነጽር ብቻ የሚሠራ ጂኦሎጂ አሁንም ክብር ያለው ቢሆንም፣ 0.03 ሚሊ ሜትር ድረስ ተፍቆ ብርሃን የሚያሳልፈውን የዐለት ቁራጭ በማይክሮስኮፕ የሚያይ ሰው ያየውን በቁጥር ማስረዳት ይጠበቅበታል።

በመጨረሻ የሚመጣው የመመረቂያ ጽሑፉ የመከላከያ ቀን ነው። ፈታኞች አብዛኛውን ጊዜ የሚያጠብቁት በመደምደሚያው ላይ ሳይሆን በዘዴው ላይ ነው፦ ይህ ጉድጓድ ለምን ተመረጠ፣ ያኛው ለምን ተተወ፣ መሣሪያው መቼ ተስተካከለ፣ ሁለቱ ናሙናዎች ለምን ተጣሉ? ተማሪው የመስክ ደብተሩን በሥርዓት ከያዘ መልሱ እጁ ላይ ነው። ከምረቃ በኋላም ከጽሑፉ ሌሎች ሰዎች ፈልገው የሚያወጡት ብዙ ጊዜ ውይይቱንና መደምደሚያውን ሳይሆን በአባሪው ላይ ያለውን ሠንጠረዥ ነው። የውሃ ቢሮ ባለሙያ፣ ጉድጓድ የሚቆፍር ድርጅት አማካሪ፣ በሦስተኛው ዓመት ወደዚያው ወረዳ የሚመጣ ሌላ ተማሪ የጉድጓዱን ቦታ፣ ጥልቀትና የውሃ መጠን ከዚያ ይቀዳሉ፤ ስለዚህ ሠንጠረዡ ላይ የመለኪያ አሐድ፣ የጂፒኤሱ ሥርዓትና የተለካበት ቀን ተሟልቶ መጻፉን ተማሪው ከማስረከቡ በፊት አንድ ሙሉ ቀን ሰጥቶ ቢያጣራ አይቆጭም።